ለጊታራችሁ የትኛውን ፔዳል ትመርጣላችሁ?



በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ከዳንግላ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ የሚያገለግል፣ ሥራ ከያዘ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት መሆኑን ገልጾልናል። ማታ ማታ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር እየተሰበሰበ ኤሌክትሪክ ጊታር ይጫወታል፤ የሠርግ ወራት ሲደርስም አልፎ አልፎ ይጠራሉ። ከደመወዙ ጥቂት በጥቂት እያስቀረ ያጠራቀመው ገንዘብ ስላለው፣ ሙዚቀኞች «ፔዳል» የሚሉትን በእግር የሚረገጥ የድምፅ መለወጫ ሣጥን ሊገዛ አስቧል። ዳሩ ግን ጓደኞቹ «ብዙ ቁልፍ ያለውን ትልቁን ግዛ» ይሉታል፤ አባቱ ደግሞ «የእኅትህ የትምህርት ወጪ እያለ ለሣጥን ገንዘብ ትበትናለህን?» ብለውታል። ዕቃውን የሚያመጣለት ዘመድ በቅርቡ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ፣ መልሱን ቶሎ እንድንሰጠው ይጠይቀናል።

ይህ ጥያቄ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ከትልልቅ ከተሞች ርቆ የሚኖር ወጣት ሁሉ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚገዛው ድምፁን በጆሮው ሳይሰማ፣ በሰው እጅና በሰው ምክር ነው። ዕቃው ካልተስማማው ደግሞ መልሶ ለመለወጥ ሌላ የመንገድ ወጪ ይጠይቀዋል። ስለዚህ መልሳችንን ለሁላችሁም እንዲጠቅም አድርገን በሰፊው ጻፍነው።

ዳንግላ ሩቅ አገር ናት የሚል ቢኖር ታሪክን ያስታውስ። ቺዝማን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስል ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. መቀመጫውን በዳንግላ አድርጎ የጣናን ሐይቅና የዓባይን ሸለቆ ሲያጠና፣ አገሩን የዞረው በእግርና በበቅሎ ነበር። ዛሬ ከባሕር ዳር እስከ ዳንግላ ያለው 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት በመኪና የሚሄዱበት ነው። እንግዲህ የሚያስቸግረው መንገዱ ሳይሆን ምርጫው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ

አባትየው የተናገሩት ነገር ቀልድ አይደለም። የእኅት የትምህርት ወጪ ቀን ቆጥሮ ይመጣል፤ ፔዳል ግን ቢቆይ አይሻግትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ይህ ነው፦ በብድር፣ ወይም ለሌላ ጉዳይ በተጣለ የዕቁብ ገንዘብ ፔዳል አትግዙ። ከቤት ግዴታ የተረፈ ገንዘብ ካለ ግን፣ ወጣት በገዛ ላቡ ያገኘውን ለሙዚቃ ቢያውለው የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ሁለተኛውም ነገር እንዲሁ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው። ፔዳል መጥፎ ጊታርን ጥሩ አያደርግም። የጊታራችሁ ክሮች ዝገው ከሆነ አዲስ ክር ግዙ። ገመዱ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አዲስ ገመድ ግዙ። መቃኛ ከሌላችሁ ፈልጉ፤ በእጅ ስልክ ላይ በነፃ የሚገኘውም ይበቃል። እነዚህ ሦስቱ ሳይሟሉ የተገዛ ፔዳል በተቀደደ ሸማ ላይ እንደ ተሰፋ ጥበብ ነው።

ሦስተኛም፣ ድምፅ ማጉያችሁን አገላብጣችሁ እዩ። ብዙ የጊታር ድምፅ ማጉያዎች ትሬሞሎ የሚባለውን ድምፅ ማወዛወዣ በውስጣቸው ይዘው ይሠራሉ። ያላችሁን ነገር ሁለተኛ ጊዜ እንዳትገዙ ተጠንቀቁ።

ነገሩ ምንድን ነው?

የጊታር ፔዳል ብዙ ዓይነት ነው። ድምፅን የሚያሻክር አለ፤ እንደ ገደል ማሚቶ የሚደጋግም አለ፤ እግር ወደ ፊትና ወደ ኋላ በተንቀሳቀሰ ቁጥር «ዋ ዋ» የሚል አለ። ይህ የመጨረሻው «ዋ-ዋ» የተባለው ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ያስቀረጸውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን ሸክላ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል።

የዳንግላው ወጣት የሚጠይቀን ግን ስለ ሌላ ወገን ነው። ይኸውም እግር አንድ ጊዜ ከረገጠው በኋላ ራሱ በራሱ ድምፁን እያመላለሰ የሚያወዛውዝ ፔዳል ነው። በውስጡ ቀስ ብላ የምትመላለስ የኤሌክትሪክ ሞገድ አለች። ይህች ሞገድ ራሷ አትሰማም፤ ሥራዋ የጊታሩን ድምፅ ይዛ መግፋትና መሳብ ብቻ ነው። የምትመላለሰውም ብዙውን ጊዜ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከአንድ ጊዜ ባነሰና በ10 ጊዜ መካከል ነው። ልዩነቱ ያለው «ምኑን ትገፋለች?» በሚለው ላይ ነው። የድምፁን ጉልበት ብትገፋ ትሬሞሎ ይባላል። የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ብትገፋ ቫይብራቶ ይባላል። የተቀሩት ኮረስ፣ ፌዘርና ፍላንጀር ናቸው፤ እነዚህን ወደ ታች እንመለስባቸዋለን።

ይህ ሐሳብ ከፔዳል በፊት የነበረ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በዓለም የታወቀበት ቫይብራፎን ራሱ ጥሩ ምስክር ነው። ከብረት ዝርግ ቁልፎቹ በታች የቆሙ ቱቦዎች አሉ፤ በቱቦዎቹም አፍ ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሽከረከሩ ክብ ክዳኖች አሉ። ክዳኑ ሲከፈት ድምፁ ይጎላል፣ ሲዘጋ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ድምፁ እየተወዛወዘ ይወጣል። መሣሪያው በአሜሪካ የተሠራው በ1920ዎቹ ነው። ኋላም ዶናልድ ሌስሊ የተባለ አሜሪካዊ የኦርጋንን ድምፅ ለማሳመር በሣጥን ውስጥ የሚሽከረከር ድምፅ ማጉያ ሠራ። ጃፓኖች ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ «ዩኒ-ቫይብ» የተባለውን ሣጥን አወጡ፤ ጂሚ ሄንድሪክስ በ1969 በውድስቶክ ጉባኤ የተጫወተው በእርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑ እያነሰ እያነሰ ሄዶ፣ በ1974 በመዳፍ የሚያዝ ሆነ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ «ፌዝ 90» እና «ስሞል ስቶን» የተባሉት ትንንሽ ፌዘሮች ወጡ። በ1976 ደግሞ የጃፓኑ ቦስ ኩባንያ የመጀመሪያውን የኮረስ ፔዳል አቀረበ።

እያንዳንዱ በሚገባን ቋንቋ

ትሬሞሎ፦ ማታ በኩራዝ ፊት እጃችሁን ብታመላልሱ በግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፤ ኩራዙ ግን ያው ኩራዝ ነው። ትሬሞሎም እንዲሁ ድምፁን ያጎላል፣ ይቀንሳል እንጂ ቅኝቱን አይነካም። ለቀስታ ዘፈን፣ ለትዝታ፣ ለብቻ ለሚመታ ጊታር እጅግ ያምራል።

ቫይብራቶ፦ የመሰንቆ ተጫዋች ጣቱን በፈረስ ጭራው ላይ እያወዛወዘ ድምፁን ሲያንቀጠቅጥ ሰምታችኋል። ቫይብራቶ ያንን በኤሌክትሪክ ይሠራል። ነገር ግን ጣት ያውቃል፤ ሣጥን አያውቅም። አዝማሪው የሚያንቀጠቅጠው በሚገባው ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ሣጥኑ ግን ሁሉንም ያለ ልዩነት ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ግዢ አንመክረውም።

ኮረስ፦ በማኅሌት ሊቃውንቱ አንድ ዜማ በአንድነት ሲያዜሙ፣ ድምፃቸው አንድ ቢሆንም የእያንዳንዱ አንደበት በጥቂቱ ይቀድማል ወይም ይዘገያል፣ በጥቂቱም ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። የዜማው ስፋትና ግርማ የሚመጣው ከዚህ ነው። የኮረስ ፔዳል ይህን ለማስመሰል የጊታሩን ድምፅ ቅጂ ወስዶ በአንድ ሺሕኛ ሴኮንድ የሚቆጠር ጥቂት ጊዜ ያዘገየዋል፤ መዘግየቱንም ከፍና ዝቅ እያደረገ ከዋናው ጋር ይቀላቅለዋል። አንድ ጊታር ሁለት ጊታር ይመስላል።

ፌዘር፦ ሁለት ሰዎች አንድ ረጅም ገመድ በሁለቱ ጫፍ ይዘው ሲያወዛውዙ፣ የአንዱ ሞገድ ወደ ላይ ሲመጣ የሌላው ወደ ታች ከመጣ በመሐል ሲገናኙ ይጣፋሉ። ፌዘርም ድምፁን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ከእርምጃው ያዛንፈዋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ከድምፁ ውስጥ አንዳንዱ ክፍል ይጠፋል፣ ሌላው ይቀራል። የሚጠፋውም ቦታ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚንሸራተት፣ ድምፁ ውኃ እንደሚፈስስ ሆኖ ይሰማል።

ፍላንጀር፦ የፌዘር ታላቅ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። አነሣሡ ከሁለት የቴፕ መቅረጫዎች ነው፤ አንድ ሙዚቃ በሁለቱ ላይ አብሮ እየሄደ ሳለ የአንዱ ጥቅል ጠርዝ በጣት ሲነካና ሲዘገይ፣ አውሮፕላን በላይ እንደሚያልፍ ያለ ድምፅ ተሰማ። ቶሎ የሚያስደንቅ፣ ቶሎም የሚሰለች ነው። በአንድ ሌሊት ሠርግ ላይ ከሁለት ዘፈን በላይ አይሸከምም።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በገበያ ላይ ስሞቹ የተዘበራረቁ ናቸው። ፌንደር የተባለው የታወቀ ኩባንያ በድምፅ ማጉያዎቹ ላይ ያለውን ትሬሞሎ «ቫይብራቶ» ብሎ ጽፎበታል፤ በጊታሩ ላይ ያለውን ድምፅ ማጠፊያ ዘንግ ደግሞ፣ እርሱ በእውነቱ ቫይብራቶ ሆኖ ሳለ፣ «ትሬሞሎ» ብሎታል። ስለዚህ ዕቃ ለሚያመጣላችሁ ሰው ስሙን ብቻ አትንገሩት፤ «ጉልበቱን የሚያወዛውዝ» ወይም «ቅጥነቱን የሚያወዛውዝ» ብላችሁ አስረዱት።

ፍጥነቱን እንደ ፈረስ አስቡት

ቀላል ፔዳል ሲባል ማዞሪያው ጥቂት የሆነ ማለት ነው። «ፌዝ 90» ያለው አንድ ማዞሪያ ብቻ ነው፤ እርሱም ፍጥነት ነው። «ስሞል ስቶን» አንድ ማዞሪያና አንድ መቀያየሪያ አለው። ሌሎቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ማዞሪያ አላቸው፤ አንዱ ፍጥነት ሲሆን ሌላው ጥልቀት፣ ማለትም ውዝዋዜው ምን ያህል ይብዛ የሚለው ነው።

የአዊ ሰው ስለ ፈረስ መምህር አያስፈልገውም። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ በጥር ወር በእንጅባራ ሲሰበሰቡ ያየ ሁሉ፣ ፈረስ በዝግታ ሲራመድ፣ በሶምሶማ ሲሄድና ሲጋልብ አካሄዱ ሦስት ዓይነት መሆኑን ያውቃል። የፍጥነቱንም ማዞሪያ በዚሁ ዓይን እዩት። በዝግታ እርምጃ ላይ ሲሆን ድምፁ ይተነፍሳል፤ በሶምሶማ ላይ ከዘፈኑ ምት ጋር ይሄዳል፤ በግልቢያ ላይ ግን ይንቀጠቀጣል፣ አድማጭንም ያደክማል። ጀማሪዎች ሁሉ የሚወድቁበት ጉድጓድ ፈረሱን ሁልጊዜ ማስጋለብ ነው።

ለትሬሞሎ ደግሞ ጥቂት ሒሳብ ብታውቁ ይጠቅማችኋል። የእኛ የጭፈራ ዘፈን ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ ጭብጨባ ለሦስት የሚከፈልበት ነው። ጭብጨባው በደቂቃ 120 ጊዜ ቢሆን፣ በሴኮንድ 2 ጊዜ ማለት ነው። ትሬሞሎው በሴኮንድ 6 ጊዜ ቢወዛወዝ ለእያንዳንዱ ጭብጨባ ሦስት ውዝዋዜ ይደርሰዋል፤ ከከበሮውም ጋር ይስማማል። በሴኮንድ 5 ጊዜ ብታደርጉት ግን ከከበሮው ጋር ይጣላል፤ ጨፋሪው ምክንያቱን ሳያውቅ እግሩ ይሰናከላል። ለቀስታ ዘፈን ጭብጨባው በደቂቃ 60 ቢሆን፣ በሴኮንድ 3 ጊዜ በቂ ነው። መሣሪያ አያስፈልግም፤ በእግራችሁ እየመታችሁ «አንድ ሁለት ሦስት» ብላችሁ ቁጠሩና ማዞሪያውን እስኪገጥም ድረስ አዙሩት።

ቅኝታችንን አትርሱ

እነዚህ ፔዳሎች የተሠሩት በአሜሪካና በጃፓን፣ ለዚያው አገር ሙዚቃ ታስበው ነው። የእነርሱ ጊታር ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ክሮችን በአንድነት እየመታ ያጅባል። በእኛ ዘንድ ግን ጊታር ብዙውን ጊዜ ዜማውን ራሱን ይዞ፣ ዘፋኙን እየተከተለና እየመለሰለት ይሄዳል። በአምስት ድምፅ ላይ በተመሠረተ ቅኝት ውስጥ እያንዳንዱ ድምፅ ከባድ ኃላፊነት አለበት፤ አንዱ ቢደበዝዝ ዘፈኑ ሌላ ዘፈን ይሆናል።

በተለይ አንቺሆዬንና አምባሰልን ተመልከቱ። በእነዚህ ቅኝቶች ውስጥ ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚለያያቸው እጅግ የተቀራረቡ ድምፆች አሉ። የኮረሱን ጥልቀት እስከ መጨረሻው ብታዞሩት፣ ድምፁ ራሱ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚንገዋለል፣ በሁለቱ ጎረቤት ድምፆች መካከል ያለው ድንበር ይፈርሳል። ዘፋኟ የምትይዘው ድምፅ ታጣለች። በተቃራኒው ግማሽ ድምፅ በሌለበት በዋናው የትዝታ ቅኝት ላይ ኮረስ ብዙ ጥፋት አያመጣም። ትሬሞሎ ቅኝቱን ፈጽሞ አይነካውም፤ ፌዘርም በዝግታ ሲሄድ የድምፁን ቀለም ይለውጣል እንጂ ቦታውን አያናጋውም።

ከክራር ወይም ከመሰንቆ ጋር የምትጫወቱ ከሆነ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ይሁን። ክራር የሚቃኘው በተጫዋቹ ጆሮ ነው፤ ከጊታር ጋር በጥቂቱ ሳይለያይ አይቀርም፤ ያም ትንሽ ልዩነት ራሱ ተፈጥሯዊ ኮረስ ነው። በእርሱ ላይ የሣጥን ኮረስ መጨመር በጨው ላይ ጨው ነው።

ለጆሮ ትምህርት የሚሆን ነገር የሚፈልግ ካለ፣ ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር በ1975 የተጫወተውን «ኧረ መላ መላ» ደጋግሞ ይስማ። የአይቤክስ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ ጊታር ተጫዋች የነበረው ሰላም ሥዩም ጊታሩን ምን ያህል ጥርት አድርጎ እንደሚይዝና ለዘፋኙ ምን ያህል ቦታ እንደሚተው ያስተውል። ፔዳል የሚጨመረው እንዲህ ባለው ጥርት ያለ አጨዋወት ላይ ነው እንጂ፣ በእርሱ ፈንታ አይደለም።

መብራትና ባትሪ

በአነስተኛ ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጣል።

አብዛኛው ቀላል ፔዳል የሚሠራው በ9 ቮልት ነው። ስለዚህ በትንሿ አራት ማዕዘን ባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚሠራውን ምረጡ። መብራት ሲጠፋ ወይም በሠርግ ድንኳን ውስጥ ጄኔሬተር እያንኮራፋ የኤሌክትሪኩ ጉልበት ከፍና ዝቅ ሲል፣ ባትሪ ንጹሕ ድምፅ ይሰጣችኋል። ከአዳዲሶቹ ባለ ብዙ ቁልፍ ሣጥኖች ብዙዎቹ ኃይል ስለሚበሉ በባትሪ አይሠሩም፤ የዳንግላው ወጣት ጓደኞች የሚመክሩት ትልቁ ሣጥን አንዱ ጉድለቱ ይህ ነው።

ባትሪ እንዳያልቅባችሁ ደግሞ ይህን ዕወቁ፦ በብዙዎቹ ፔዳሎች የጊታሩ ገመድ በመግቢያው ቀዳዳ እንደ ተሰካ እስከ ቆየ ድረስ፣ ፔዳሉ ባይረገጥም ባትሪው ይፈስሳል። ስለዚህ ጨዋታ ሲያበቃ ገመዱን ንቀሉ። አንድ ሌሊት ተሰክቶ ያደረ ገመድ የአንድ ባትሪ ዋጋ ነው።

በመብራት የምትጠቀሙ ከሆነ በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትሰኩ። በመጀመሪያ፣ የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው 120 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አዳፕተር «ከ100 እስከ 240» የሚል ቁጥር ከሌለበት፣ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ምናልባትም ፔዳሉን ይዞት ይሄዳል። ቀጥሎ፣ አብዛኛዎቹ የጊታር ፔዳሎች የሚፈልጉት መሐሉ ኔጋቲቭ የሆነውን መሰኪያ ነው፤ ይህም በትንሽ ሥዕል ተመልክቷል፤ የመቀነስ ምልክቱ ከመሐለኛው ነጥብ ጋር ተያይዞ ይታያል። በቤት ውስጥ ያሉ የሬዲዮና የሌላ ዕቃ አዳፕተሮች ብዙዎቹ የዚህ ተቃራኒ ናቸው። በመጨረሻም፣ የአዳፕተሩ ሚሊአምፔር ፔዳሉ ከሚጠይቀው እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ ቢበልጥ አይጎዳም፣ ቢያንስ ግን አይሠራም። ቮልቱ ግን ያው የተጻፈው መሆን አለበት።

ሲገዙ እንዴት ይሞከር?

ዕቃውን የሚገዛላችሁ ዘመድ ሙዚቀኛ ባይሆንም እንኳ እነዚህን አራት ነገሮች ሊያደርግ ይችላል። በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት።

አንደኛ፦ ባለ ሱቁ ፔዳሉን ከጊታርና ከድምፅ ማጉያ ጋር አያይዞ እንዲያሰማው ይጠይቅ። ያልተሞከረ ዕቃ ይዞ አይምጣ።

ሁለተኛ፦ ፔዳሉ ጠፍቶ ሳለ ጊታሩ ይመታ፤ ቀጥሎ ገመዱ በቀጥታ ወደ ድምፅ ማጉያው ገብቶ ይመታ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ካልሆኑ፣ ፔዳሉ ጠፍቶም ቢሆን ድምፁን ያደበዝዛል ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ ፔዳሉ ተረግጦ ሳለ ማንም ጊታሩን አይንካ። ጸጥታው ውስጥ የሚመላለስ «ሽሽሽ» ወይም ቀጭን ፉጨት ከተሰማ ሌላ ይመረጥ። ይህ ጉድለት በተለይ በርካሽ ኮረሶችና ፍላንጀሮች ላይ ይገኛል።

አራተኛ፦ መርገጫው ሃያ ጊዜ ያህል ይረገጥ፤ ማዞሪያዎቹም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዙሩ። የሚንኮሻኮሽ ወይም አንዳንድ ጊዜ የማይታዘዝ ከሆነ ይተወው። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ የባትሪውን ቤት ከፍቶ ዝገት ይመልከት። ሣጥኑ ከብረት ቢሆን ይመረጣል፤ በሠርግ ላይ የሚረግጠው የተጫዋቹ እግር ብቻ አይደለምና።

በእጅ ስልክ ላይ የሚገኙትን የማስተዋወቂያ ቅጂዎች መስማት መልካም ነው። ነገር ግን በስልኩ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። በተቀረጸ ድምፅ ላይ ሁሉ ነገር ከእውነቱ እንደሚያምርም አትርሱ።

ከገዛችሁም በኋላ ሌሎች ፔዳሎች ካሏችሁ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ከጊታሩ ቀጥሎ ዋ-ዋ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ድምፅ አሻካሪው፣ ከዚያ ይህ የሚያወዛውዘው፣ በመጨረሻም የሚደጋግመው። ይህ የተለመደው መንገድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ አቀያይሮ መሞከር ገንዘብ አያስከፍልም።

እንግዲህ የትኛው ይገዛ?

ለብቻችሁ ወይም ከአንድ ዘፋኝ ጋር በጸጥታ የምትጫወቱ፣ ጊታሩም አጃቢ ብቻ ሲሆን፣ ኮረስ ግዙ፤ ጥልቀቱ ከግማሽ አይለፍ። ትዝታና ቀስታ ዘፈን የምትወዱ ከሆነ ትሬሞሎ ግዙ። ፍላንጀርንና ቫይብራቶን ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ ተዉአቸው።

ለዳንግላው ወዳጃችን ግን የምንመክረው ባለ አንድ ማዞሪያ ፌዘር ነው። ምክንያታችንም ይህ ነው፦ በሠርግ ላይ ለጭፈራ ይጫወታል፤ ስለዚህ ምቱን የሚቆራርጥ ነገር አይሻም። ዜማ ይይዛል፤ ስለዚህ ቅኝቱን የሚያናጋ ነገር አይሻም። በድንኳን ውስጥ በግማሽ ጨለማ ያለ ችግር የሚያዘው አንድ ማዞሪያ ይበቃዋል። በባትሪ ይሠራል። ከታወቁት ፋብሪካዎች ዕቃ ሌላ፣ አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ብዙ አነስተኛ ሠሪዎች ተመሳሳዩን በረከሰ ዋጋ ያወጣሉ፤ ከላይ በጻፍነው መንገድ ተሞክሮ ከተገኘ በስም ብዙ አትጨነቁ። ፍጥነቱንም ማዞሪያው ከሚጀምርበት ብዙ ሳያርቅ፣ በፈረሱ የዝግታ እርምጃ ላይ ያኑረው።

ትልቁን ባለ ብዙ ቁልፍ ሣጥን በተመለከተ፣ መጥፎ ዕቃ ነው አንልም። ከቤት ወጥቶ የማይጫወት፣ መብራት የማያጣ፣ ብዙ ድምፅ ለማወቅ የሚጓጓ ተማሪ ቢገዛው ይማርበታል። በሠርግ ድንኳን ውስጥ ግን ሙሽሮቹ ሲገቡ በሃምሳ ድምፆች መካከል ጎንበስ ብሎ የሚፈልግ ጊታር ተጫዋች ዘፈኑን ያሳልፋል።

ለአባትየውም በአክብሮት የምንለው ይህ ነው፦ የእኅቲቱ ወጪ በመጀመሪያ ለብቻው ይቀመጥ፤ ከዚያ የተረፈው ለአንዲት ትንሽ ፌዘር ከበቃ ይፈቀድለት። ካልበቃ ደግሞ እስከሚቀጥለው የሠርግ ወራት ይቆይ። የሠርግ ገቢው ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ያደርሰዋል፤ እስከዚያም ድረስ አዲስ ክር ገዝቶ ጣቱን ያፍታታ። ድምፅን ማወዛወዝ በእጅ የጀመረ ነውና፣ ክሩን በጣቱ እየገፋ ማንቀጥቀጥን ቢለማመድ፣ ፔዳሉ በሚመጣበት ቀን ምን እንደሚፈልግበት በጆሮው ያውቃል።

በተረፈ ያልገባችሁ ነገር ካለ ጻፉልን። በሚቀጥለው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ በተጻፈልን በሌላ ጥያቄ ላይ እንነጋገራለን፤ እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።